ሦስት አስታዋሾች የወጡበት ቤት

በእኛ ከተማ ሰው ሲበደር ወረቀት አይሰጠውም፤ ሰው ነው የሚሰጠው።

ያ ሰው አስታዋሽ ይባላል። ጠዋት ከአበዳሪው ቤት ተልኮ፣ ተጣጣፊ ወንበሩን በብብቱ ይዞ ይመጣና ተበዳሪው ቤት ይቀመጣል። ሲመሽ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሲነጋ ይመለሳል። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው በየሰዓቱ «መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ሁለተኛው መብላት። ወለድ የሚባለውን እኛ በገንዘብ አንከፍልም፤ አስታዋሹ ይበላዋል። ደንቡ «ከቤቱ ሰው ቀድሞ፣ ከቤቱ ሰው በላይ» ይላል። ዋናው ብድር ግን እንዳለ ይቆያል። ሰው ሲሞት አስታዋሹ ወደ ልጁ ቤት ይዛወራል።

አስታዋሽ ማኖር በእኛ ዘንድ አያሳፍርም። እንዲያውም ድግስ ላይ ሰው የሚቀመጠው ባሉት አስታዋሾች ብዛት ነው። ባለ አምስት ከባለ ሁለት በላይ ይቀመጣል። ባለ አንድ በር ሥር ይቀመጣል። ምንም የሌለው ሰው ሲጠራ አላየሁም።

እኔ ዳምጠው እባላለሁ። ሥራዬ ሰልፈኝነት ነው። ከተማችን ውስጥ ያለ ሰልፍ የሚገኝ ነገር ስለሌለ፣ ጊዜ ለሌላቸው ሰዎች ቆሜላቸው ተራው ሲደርስ አስረክባቸዋለሁ። እግሬ ጠንካራ ነው። ባለቤቴ ትርንጎ ልብስ ሰፊ ናት። እሷም ጣቷ ጠንካራ ነው።

ስንጋባ ድንኳኑ ስድስት መቶ ሰው ያዘ። ከስድስት መቶው አርባ ሁለቱን እናውቃቸዋለን። ድግሱን በአርባ ሁለት ሰው እንጨርስ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ያሳደገችኝ አክስቴ እትዬ የሺመቤት «በቁሜ ልትቀብረኝ ነው?» ስላለችኝ ተበደርኩ። በሠርጋችን በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። አንድ ወፈር ያሉ፣ ጨዋ የሚመስሉ ሽማግሌ ቆመዋል።

«ጥጋቡ እባላለሁ። እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉ። ወንበራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ትንሽ ቆዩና «መቼ ነው?» አሉ።

ሁለተኛዋ የመጡት ከሶፋው ጋር ነው። እንግዳ ሲመጣ የምናስቀምጥበት የለም ብለን ትልቅ ቀይ ሶፋ በብድር ወሰድን። ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ አስታዋሽ አብረውት መጡና ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሌላ ሰው አልተቀመጠበትም። ሦስተኛው ክብረት የሚባል ወጣት ነው። እሱ የመጣው ሁለቱ የሚበሉትን ለመግዛት በተበደርነው ብድር ነው።

አንዲቷ ክፍላችን ውስጥ ሦስቱ በወንበርና በሶፋ፣ እኔና ትርንጎ ምንጣፍ ላይ ሆንን። ግን ባለ ሦስት ሆነናል። ፀጉር አስተካካዩ ወረፋ ያስቀድመኝ ጀመር። ትርንጎ ገበያ ስትሄድ ሴቶች ከመንገድ ይለቁላት ነበር። እሷ የምትገዛው ለሦስቱ ስለሆነ ለእኛ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ይህንን ግን ማንም አያይም።

በዓመቱ ልጃችን ሐመልማል ተወለደች።

አንድ ዓመት ሊሞላት ሲል የኮረብታው ቤቶች ታወጁ። ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ባለ ዘጠኝ ክፍል፣ ባለ ሰገነት ቤቶች ሊሠሩ ነው። ሁለቱ ክፍሎች ለባለቤቱ፣ ሰባቱ ከቤቱ ጋር ለሚመጡት ሰባት አስታዋሾች ናቸው። ብድሩ የሠላሳ አምስት ዓመት ነው። ከተማው አበደ። እኔ ያን ጊዜ ዕድሜዬን ሙሉ ለሌላ ሰው ስቆም የኖርኩ ሰው ለራሴ ቆምኩ። ስልሳ አንድ ቀን ሙሉ፣ ትርንጎ ምሳዬን እያመላለሰች፣ ዝናብም ፀሐይም እየወረደብኝ የመጀመሪያውን ተራ ያዝኩ። ሰኞ ጠዋት ሊፈረም ነው።

እሑድ ቁርስ ላይ ሐመልማል አፏን ፈታች። ማንኪያ ይዛ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች። ቀና ብላ እናቷን አየቻትና በጠራ ድምፅ «መቼ ነው?» አለች።

ወይዘሮ ደብሪቱና ክብረት አጨበጨቡ። አቶ ጥጋቡ አላጨበጨቡም። የጎረሱትን ሳያላምጡ ቆዩ።

ትርንጎ ልጅቷን ለእኔ ሰጥታኝ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከተልኳት። አጥሩን ይዛ ቆማለች።

«እማዬ አላለችም» አለች።

«ትላለች፣ ገና ናት እኮ።»

«አባዬም አላለችም። ነገ ልትፈርም ነው አይደል ዳምጤ? ሰባት ልትጨምርልን።»

«ቤቱ እኮ ሰገነት አለው።»

«ሰገነቱ ላይ ማን ነው የሚቀመጠው?»

ፕላኑን አይቼዋለሁ። ሰገነቱ ላይ «የአስታዋሾች ማረፊያ» የሚል ተጽፎበታል። «እነሱ» አልኳት።

«እንግዲያው መጀመሪያ እነዚህ ይውጡ» አለች። «ቤቱን ከዚያ በኋላ እንገዛለን። አንድ ክፍል ይሁን፣ ግድ የለኝም። ግን ከእነዚህ ላይ አንድ ሰው አልጨምርም። ልጄ ይህንን ቃል የተማረችው ከእኔ ቤት ነው።»

አስታዋሽ «ይወጣል» ሲባል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አስታዋሽ ይመጣል፣ ይጨመራል፣ ይወረሳል። ያቀፍኳት ልጄ ቀስ ብላ ጢሜን ጎተተችኝ።

ሰኞ ጠዋት ከሰልፉ ራስ ላይ ቆሜ ተራዬን ሸጥኩ። የገዛኝ አንድ ባለ ስድስት የቅቤ ነጋዴ ነው። ባለ አሥራ ሦስት ሊሆን መሆኑን ሲያውቅ አቅፎ ሳመኝ። ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች ያዝኑልኝ ነበር፤ አንዷ ሴትዮ «ወይኔ ልጄን፣ ምን ነክቶት ነው?» ስትል ሰማኋት። የገንዘቡን ከረጢት ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

ትርንጎ ገንዘቡን ምንጣፉ ላይ አፈሰሰችው። ሦስቱም አስታዋሾች ባሉበት «በክብረት እንጀምር» አለች።

«ለምን በእሱ? ትልቁ የአቶ ጥጋቡ ነው።»

«የክብረት ስለሚያንስ ዛሬ ማለቅ ይችላል። እሱ ሲወጣ አንድ ሳህን ይተርፋል። የዚያን ሳህን ወጪ ወይዘሮ ደብሪቱ ላይ እንጨምራለን። እሳቸው ሲወጡ የሁለቱን ሳህን አቶ ጥጋቡ ላይ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ «እዚሁ ተቀምጬ?» አሉ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ሌላ ክፍል የለንም» አለች ትርንጎ።

አበዳሪው ቤት ሄድን። ሦስት መስኮቶች አሉት። አንደኛው ላይ «መበደር»፣ ሁለተኛው ላይ «መጨመር»፣ ሦስተኛው ላይ «ሌላ» ይላል። ሦስተኛው ጋ ሄደን «ልንከፍል ነው» ስንል ጸሐፊው «ሌላ ማለት ሌላ ብድር ነው» አለን። የመክፈያው መስኮት አራተኛው እንደነበረ፣ በአያቱ ጊዜ በጡብ እንደተደፈነ ነገረን። ከጡቦቹ አንዷ ትነቃነቅ ነበር። ጎትቶ አወጣት። በዚያች ቀዳዳ ገንዘባችንን ሳንቲም በሳንቲም ስናስገባ ዋልን። የቤቱ አዛዥ ወይዘሮ ስመኝ ሰምተው እየሮጡ መጡ።

«ልጆቼ፣ ሰው ሞተባችሁ?» አሉን።

«የለም እትዬ፣ ሁላችንም ደህና ነን።»

«ታዲያ እኛ ምን በደልናችሁ?» እንባ አቀረሩ። ጥሩ ሴት ናቸው። ስለ ጨዋነታችን ሽልማት ብለው የከፈልነውን እጥፍ ሊያበድሩን ጠየቁን። ትርንጎ እጅ ነስታ «እግዜር ይስጥልን፣ ደረሰኝ ብቻ ይጻፉልን» አለች። ደረሰኝ የሚባለውን ለመጻፍ አራት ሰው ተመካከረ።

ክብረት ያን ዕለት ወንበሩን ሲያጥፍ «ምን አጠፋሁ?» አለን። ምንም እንዳላጠፋ ነገርነው። ትርንጎ ስንቅ ቋጠረችለት።

በሳምንቱ እትዬ የሺመቤት ጥቁር ለብሳ መጣች። «ባለ ሁለት!» አለች፣ በሩ ላይ እንደቆመች። «በዘራችን ወደ ታች የወረደ ሰው የለም! ሰው ምን ይላል? ‹የዳምጠው ቤት ሰው አምኖ የሚያበድረው ጠፋ› ይላል!» ወንበር ስላልነበረን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ፀጉር አስተካካዩም ወረፋ ማስቀደሙን ተወ።

ቀጥሎ ሶፋው ነበር። ልንሸጠው ገዢ ብንጠራ የዋጋውን አንድ ስድስተኛ ሰጠን። ትርንጎ ገዢውን ሸኝታ መቀሷን አነሣች።

«እትዬ ደብሪቱ፣ እስቲ አንዴ ይነሡልኝ።»

ሴትዮዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይመሽ ተነሥተው አያውቁም። ተነሡ። ትርንጎ ሶፋውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረተረችው። ከቀዩ ጨርቅና ከስፖንጁ፣ የወንበር ልክ የሆኑ ሠላሳ አንድ ትራሶች ሰፋች። የመጀመሪያውን ለወይዘሮ ደብሪቱ አነጠፈችላቸው፤ ሁለተኛውን ለአቶ ጥጋቡ። አቶ ጥጋቡ ተቀመጡበትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በከተማችን ከአንድ ሺህ የማያንሱ አስታዋሾች ቀኑን ሙሉ በደረቅ እንጨት ላይ ተቀምጠው እንደሚውሉ እስከዚያ ቀን ማንም አላሰበበትም።

ሃያ ዘጠኙ ትራሶች በሁለት ቀን አለቁ። ከየሰፈሩ አስታዋሾች በራችን ላይ ተሰለፉ፤ እኔ ሰልፉን ሥርዓት አስያዝኩ። በወሩ አበዳሪው ቤት ራሱ አራት መቶ ትራስ አዘዘ። ትርንጎ ስትሰፋ፣ እኔ ጠዋት ሰልፍ ቆሜ ከሰዓት በኋላ ትራስ ተሸክሜ ሳደርስ ከረምን። አበዳሪው ቤት በአንዱ በር ይከፍለናል፤ እኛ ዞረን በጡቧ ቀዳዳ እንመልስለታለን። ወይዘሮ ደብሪቱ በስምንተኛው ወር ትራሳቸውን ይዘው ወጡ። ሲወጡ ጉልበታቸው እንደተሻለው ነገሩን።

እንዲህ ስናገር ሁሉም በደስታ ያለፈ ይመስላል። አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ባለ አንድ ስለሆንኩ በር ሥር፣ ጫማ ከሚወልቅበት አስቀመጡኝ። ትርንጎ የለበሰችው የሠርጓን ቀሚስ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ተሰፍቷል። አንዲት ባለ አራት ሴት አይታ ሳቀችባት። ትርንጎ ቀና ብላ ምሳዋን በላች። እኔ ግን ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ።

በማግሥቱ ሳልነግራት አበዳሪው ቤት ሄድኩ። «መጨመር» የሚለው መስኮት ጋ ቆምኩ። ቀሚስ ብቻ ልገዛላት ነው፣ አንድ ትንሽ አስታዋሽ፣ እንደ ክብረት ያለ ልጅ ቢመጣ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጸሐፊው ፈገግ ብሎ ብዕር ሰጠኝ። ስሜን ጻፍኩ። ከሥሩ አንድ መስመር አለ፤ ድሮ ስፈርም አላነበብኩትም። «ከተበዳሪው ቀጥሎ የሚታወሰው ሰው ስም» ይላል።

«ልጅ አለህ አይደል?» አለኝ ጸሐፊው። «የእሷን ጻፍ።»

ብዕሩን ይዤ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። ሐመልማል የሚለውን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። እዚያ መስመር ላይ ልጽፈው እጄ እሺ አላለኝም። ብዕሩን አስቀምጬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለትርንጎ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። የምትሰፋውን አስቀመጠች።

«ቀሚስ ልትገዛልኝ?»

«አዎ።»

«ምን ዓይነት?»

«ሰማያዊ።»

«አቶ ጥጋቡ ሲወጡ ትገዛልኛለህ» አለች። «ሰማያዊ እንዳትረሳ።» ፊቷን አዙራ መስፋቷን ቀጠለች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልጠየቅኳትም።

የአቶ ጥጋቡን ብድር ለመክፈል ሦስት ዓመት ፈጀብን። ያ ሁሉ ድንኳን፣ ያ ሁሉ የማናውቀው ሰው የበላው፣ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ያለቀው ሐመልማል አምስት ዓመት ሲሞላት ነው። ደረሰኙን ይዘን ስንመጣ ምሳ ደርሷል። እሳቸው በልማዳቸው ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ወረቀቱን አሳየናቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጠው ወንበራቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

«አቶ ጥጋቡ፣ ምሳ እኮ ደርሷል» አለች ትርንጎ።

«ከእንግዲህ መብት የለኝም ልጄ።»

«መብት አላልኩም። ይብሉልን እያልኩ ነው።»

ሰውየው ወንበሩን ግድግዳ አስደግፈው አቆሙት። በሠላሳ ዓመት ሥራቸው «ይብሉልን» ያላቸው ሰው እንደሌለ ኋላ ነገሩን። የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፤ ከሁላችንም ያነሰ በሉ። ቡና ሳይጠጡ ልባቸውን ከፈቱልን።

«እኔም ቤት አንድ አለ» አሉ። «እኔ እዚህ ስበላ እሱ እዚያ ይበላል። ልጆቼን ያሳደጋቸው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ያን ዕለት ይቺ ልጅ አፏን ስትፈታ ልጆቼ ትዝ አሉኝ። እነሱም ያንኑ ነው ያሉት።»

ትርንጎ የስፌት ዕቃ ማስቀመጫዋን ከፍታ የትራሱን ልኬት የቆረጠችበትን ካርቶን አወጣች። «መስፋት ይችላሉ?» አለቻቸው። የልብስ ቁልፍ መትከል እንደሚችሉ ነገሯት። በማግሥቱ ጠዋት መጡ፤ ግን ወንበር ሳይሆን መርፌ ይዘው ነበር፤ ማታም ደመወዝ ይዘው ሄዱ።

ሰማያዊውን ቀሚስ በዚያው ሳምንት ገዛሁ።

ወይዘሮ ስመኝ የቤታችንን ደረጃ በመዝገብ ሊያስተካክሉ ሲሉ ተቸገሩ። «ባለ» ብለው ጻፉና ቀጥሎ የሚገባውን ቃል አጡት። ሌሎቹን ጠየቁ፤ ማንም አያውቅም። በመጨረሻ ባዶውን ትተው ማኅተም አደረጉበት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት የሦስቱን ሳህን ወጪ ሳንነካ አስቀመጥን። ቀላል ነበር፤ ያንን ገንዘብ ሳናይ መኖር ለምደን ነበርና። ቤት እንፈልግ ጀመር። የኮረብታውን አላየንም። የቅቤ ነጋዴው እዚያ ገብቷል። ሳልፍ ከኩሽናው መስኮት እጁን ያውለበልብልኛል፤ አሥራ ሦስቱ አስታዋሾች ሌላውን ክፍል ስለሞሉት የሚውለው ኩሽና ነው።

እኛ ያገኘነው ከወንዙ ማዶ፣ እማማ አሰገደች የሚባሉ አሮጊት የሚሸጡትን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ግድግዳው ይላጣል። ደጁ ላይ አንድ የኮክ ዛፍ አለ።

«ስንት ይዛችሁ ነው የምትገቡት?» አሉን እማማ አሰገደች።

«ሦስታችን ብቻ ነን» አልኩ።

«አስታዋሽ ማለቴ ነው ልጄ።»

«ማንም የለም» አለች ትርንጎ። ሻንጣውን ከፍታ የቤቱን ዋጋ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው።

አሮጊቷ ገንዘቡን አላነሡትም። በጣታቸው ጫፍ ቆንጠር አድርገው አዩትና «ይህ በሙሉ ዛሬ ነው?» አሉ።

«ዛሬ ነው እማማ።»

«ነገ የሚጠየቅ የለውም?»

«የለውም።»

መሳቅ ጀመሩ። እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። ከዚያ መቀነታቸውን ፈትተው አንድ ነገር አወጡ፤ ቁልፍ ነው። በእኛ ከተማ አስታዋሽ ያለበት ቤት በር ቁልፍ አይኖረውም፤ አስታዋሽ ሲመጣ ተዘግቶ ካገኘው ቅጣት አለው። ስለዚህ እኔ ከመንገድ ላይ ከምሰማው ወሬ በቀር ቁልፍ አይቼ አላውቅም ነበር። እማማ አሰገደች በትርንጎ እጅ ላይ አስቀምጠው በየትኛው በኩል እንደሚዞር አሳዩዋት።

ዕቃችንን ያስገባነው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። ብዙ አልነበረም። ሐመልማል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየሮጠች «ይኼም የእኛ ነው? ይኼም?» ትላለች፤ ድምፅዋ ባዶው ግድግዳ ላይ እየነጠረ ይመለሳል። እትዬ የሺመቤት ጥቁሯን አውልቃ መጥታ፣ ማንም ሳይጠይቃት ወለሉን አጠበች። ስትጨርስ ጥግ ላይ ቆማ ክፍሉን ዙሪያውን አየችው። «ሰፊ ነው» አለች በመጨረሻ፤ «ሰው ከሌለበት ለካ ሁለት ክፍልም ሰፊ ነው።»

ትርንጎ ሰማያዊ ቀሚሷን እንደለበሰች በሩን ዘጋችና ቁልፉን አዞረችው። ቀጭ አለ። ከፈተችው። እንደገና ዘጋችው። ሦስተኛ ጊዜ ስታዞረው ሐመልማል «እኔም! እኔም!» ብላ እጅዋን ዘረጋች። ሁላችንም በየተራ ቆለፍን፤ እትዬ የሺመቤትም ቆለፈች።

በሩ ሲንኳኳ እጀታው በእኔ እጅ ነበር። ከፈትኩት። አንድ ወጣትና አንዲት ልጅ እግር ሴት፣ ከስድስት ወር የማይበልጥ ሕፃን ታቅፈው ቆመዋል። ከኋላቸው ሁለት አስታዋሾች ተጣጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ከታች ሰፈር እንደመጡ ነገሩኝ።

«ይቅርታ ጋሼ» አለ ወጣቱ፤ «ጡቧ የምትወጣው የቱ ጋ እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ አሉን።»

አንዱ አስታዋሽ ልማዱን አልረሳምና ወንበሩን ይዞ ቀድሞ ሊገባ እግሩን ደፉ ላይ አደረገ። ትርንጎ ከኋላዬ መጥታ በሩ መሐል ቆመች።

«እናንተ ግቡ» አለቻቸው ለባልና ሚስቱ። ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞረች። «እናንተ ግን እዚያው ኮኩ ጥላ ሥር ጠብቁ። ትራስ እልክላችኋለሁ።»